ስለ ኮሚቴ መመረጥ፦ ወንበሩንና ሥራውን ለይቶ ማወቅ

የሚነበቡ ክፍሎች፦ የማርቆስ ወንጌል 10፥35–45፤ የሐዋርያት ሥራ 1፥15–26 እና 6፥1–7፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥1–13። (በዚህ ጥናት የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የዚህ ጥናት ምክንያት

በየማኅበረ ምእመናኑ የዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሲደረግ ከሌላው ሰዓት ይልቅ የሰው ልብ የሚነሣሣበት አንድ ሰዓት አለ። እርሱም የኮሚቴ አባሎች የሚመረጡበት ሰዓት ነው። ሪፖርት ሲነበብ ያንቀላፋ ሰው እንኳ በዚያን ጊዜ ይነቃል፤ ከውጭ ቆሞ ይነጋገር የነበረውም ወደ ውስጥ ይገባል።

ኮሚቴ ሁሉ እኩል እንደማይወደድ የታወቀ ነው። የገንዘብ ኮሚቴ አለ፤ የሕንፃ ሥራ ኮሚቴ አለ፤ ከእንግዶች ጋር የሚነጋገርና ለስብሰባ ወደ ሌላ አገር የሚላክ ኮሚቴም አለ። ወደነዚህ ለመግባት የሚሻው ሰው ብዙ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በሽተኛ የሚጠይቅ፣ ለቀብር የሚወጣ፣ ሕፃናትን ሰብስቦ የሚያስተምር፣ አግዳሚ ወንበር የሚያነሣና የሚጥል ኮሚቴ አለ። ለዚህኛው ሰው ሲጠየቅ ጉባኤው ጸጥ ይላል፤ እያንዳንዱም ወደ ጎረቤቱ ይመለከታል።

ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? በፊተኞቹ ኮሚቴዎች ዘንድ ቁልፍ፣ ማኅተምና መንገድ ይገኛሉ። ቁልፍ የያዘ ሰው ይከበራል፤ ማኅተም የያዘ ሰው ይለመናል፤ ወደ ሩቅ አገር የተላከም ሰው ሲመለስ ወሬው ይሰማል። በኋለኞቹ ዘንድ ግን ድካም ብቻ ያለ ይመስላል።

ይህ ትንሽ ነገር ነው ብለን እንዳናልፈው። በሃይማኖት ትምህርት ያልተለያዩ ወንድማማች በኮሚቴ ምርጫ ሲለያዩ ይታያል። ያልተመረጠው ሰው በሚቀጥለው እሑድ ከኋላ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቈይቶም ስጦታውን ያቋርጣል፤ በመጨረሻም ልጆቹን ይዞ ይቀራል። የተመረጠውም በበኩሉ ወንበሩን የድል ምርኮ አድርጎ ይቈጥረዋል። በሁለቱ መካከል የሚጐዱት ግን ስለ ምርጫው ምንም የማያውቁት ድሆች፣ ሕፃናትና በሽተኞች ናቸው። እንግዲህ የተፈለገ ቦታ በምን መንገድ ሊገኝ ይገባል? ደግሞስ ያልተገኘ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? ጥናታችን ይህን ይመረምራል።

2. የቀድሞው የሹመት መንገድ

በአገራችን በቀድሞ ዘመን ሹመት የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ከቤቱ ወጥቶ፣ ስንቁን አሲዞ፣ ወደ ንጉሡ ወይም ወደ መስፍኑ ግቢ ይሄዳል። በዚያም ጌታው እስኪያስታውሰው ድረስ ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ይቈያል። ማልዶ ይነሣል፤ በበሩ ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣ ይከተላል። እጅ መንሻ ያቀርባል፤ አማላጅ ይልካል፤ ከባለሟሎች ጋር ይወዳጃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥያቄው፣ ይህ ሰው የሚሾምበትን አገር ያውቃልን? ሕዝቡንስ ይጠቅማልን? የሚል አልነበረም። በደጅ ብዙ የቈየው፣ ብዙም የተወደደው ሰው ይሾም ነበር።

እንዲህ ባለ ድካም የተገኘ ሹመት ደግሞ ወጪውን ማስመለስ ይፈልጋል። ስለዚህ ነው፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚል ተረት በመካከላችን የቀረው። ይህ አነጋገር በቀልድ ቢነገርም በውስጡ አንድ ሙሉ ትምህርት ይዟል። ሹመት የሹሙ ማሳ ነው፤ አዝመራውም ሳያልፍ መሰብሰብ አለበት ይላል። የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ በዚህ ትምህርት የሚመራ ከሆነ፣ በድምፅ ብልጫ ቢመረጥም ደጅ ጥናቱ አልቀረም። የተለወጠው በሩ ብቻ ነው። በአንድ ጌታ በር ይቆም የነበረው ሰው አሁን በብዙ ምእመናን በር ይቆማል፤ ግብዣ ያደርጋል፤ የአገሩን ልጆች ይሰበስባል፤ ማን ማንን እንዲጠቁም አስቀድሞ ያስማማል።

3. መመኘት ኃጢአት ነውን?

አንዳንዶች ከዚህ የተነሣ መመረጥን መመኘት በራሱ ክፉ ነው ይላሉ። የእግዚአብሔር ቃል ግን እንዲህ አያስተምርም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ የኤጲስ ቆጶስነትን አገልግሎት የሚፈልግ ሰው መልካም ሥራን እንደሚመኝ ይመሰክራል። በዚህ ስፍራ የተመሰገነው ምኞት የሥራ ምኞት መሆኑን አስተውሉ። ሐዋርያው ከዚያ ቀጥሎ የሚዘረዝረው ነገር ሁሉ የሰውየውን አኗኗር ይመለከታል፤ ስለ መቀመጫው ከፍታ የተነገረ አንድ ቃል የለም። ስለ ዲያቆናትም ሲናገር አስቀድመው እንዲፈተኑ ያዝዛል።

እንግዲያውስ መመኘትን የሚያከፋው የሚመኙት ነገር ነው። የገንዘብ ኮሚቴን የሚፈልግ ሰው ሒሳብ ማወቁን፣ የመዝገቡን መዛባት ማየቱንና ማስተካከል መቻሉን አስቦ ቢፈልገው መልካም ሥራን ተመኝቷል። ቁልፉ በወገቡ ተንጠልጥሎ እንዲታይ ቢፈልግ ግን የተመኘው ቁልፉን ነው።

በዚህ ረገድ በመካከላችን ያለ አንድ ልማድ ሊመረመር ይገባዋል። ሰው ሲጠቈም ተነሥቶ፣ እኔ ለዚህ የበቃሁ አይደለሁም፣ ሌላ ይፈለግልኝ ማለት እንደ ጨዋነት ይቈጠራል። ከልብ የመጣ ትሕትና ከሆነ የከበረ ነገር ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ወዳጆቹን በየቤቱ የላከ ሰው በጉባኤ ፊት ሦስት ጊዜ እንቢ ብሎ በአራተኛው ቢቀበል፣ ይህ ትሕትና ሊባል አይችልም፤ ልመናን በሌላ አፍ መናገር ነው። ከዚህ ይልቅ ወደ ሽማግሌዎች ቀርቦ፣ ይህን ሥራ ልሠራ እችላለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው፤ እናንተ ግን መርምሩኝ የሚል ሰው የበለጠ እውነተኛ ነው።

4. የሁለቱ ወንድማማች ልመና

የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ ወደ ጌታ ቀርበው በክብሩ በቀኙና በግራው ሊቀመጡ ለመኑት። ማቴዎስ እንደ ጻፈውም እናታቸው አማላጅ ሆና መጣች። በዚህ ልመና ውስጥ ሦስት ጉድለቶች እናያለን።

መጀመሪያ፣ ምን እንደሚለምኑ ሳይናገሩ አስቀድመው የለመኑትን ሁሉ እንዲያደርግላቸው ጠየቁ። በግልጽ ሊነገር የሚገባው ልመና ግን አስቀድሞ ቃል ማስገባት አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ባልንጀሮቻቸው ሳያውቁ ለብቻቸው መጡ። ሦስተኛ፣ ስለ መቀመጫው ሲያስቡ በመቀመጫው ፊት ያለውን ጽዋ አላሰቡም።

ጌታ ሁለቱን አላሳፈራቸውም፤ ከደቀ መዛሙርቱም ቍጥር አላወጣቸውም። ልመናቸውን ከወንበሩ ወደ ጽዋው መለሰው እንጂ። የቀሩት ዐሥሩም በሰሙ ጊዜ ተቈጡ። ቍጣቸው ስለ ጽድቅ ብቻ ነው ብለን የምናምን ከሆነ የራሳችንን ልብ አናውቅም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በሌላው ላይ የሚያስቈጣን እኛ ልንናገረው የፈራነውን ነገር ቀድሞ መናገሩ ነው። ስለዚህ ጌታ ዐሥራ ሁለቱን በአንድነት ጠርቶ ትልቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ እንዲሆን ያንኑ ትምህርት ለሁሉም አስተማረ።

5. የመጀመሪያው ኮሚቴ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የምናነበው የሰባቱ ምርጫ ለኮሚቴ ምርጫ ሁሉ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የጀመረው በማጕረምረም ነው። በየዕለቱ ምግብ ሲታደል የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ወገን መበለቶች ይረሱ ነበር። ሐዋርያት አቤቱታውን አላፈኑትም፤ አቤቱታ ያቀረቡትንም አልገሠጹም። ሕዝቡን ሰብስበው አስቀድመው ሥራውን ገለጹ፤ ቀጥለው ቍጥሩን ወሰኑ፤ ከዚያም መመዘኛውን ተናገሩ። መልካም ምስክርነት፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ ያላቸው ሰዎች እንዲሆኑ አዘዙ። ስም የተጠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በእኛ ጉባኤዎች ግን ብዙ ጊዜ ስም ይቀድማል፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ የሚነገረው ሰውየው ከተመረጠ በኋላ ነው።

ሌላም የሚደነቅ ነገር አለ። የሰባቱ ስሞች ሁሉ የግሪክኛ ስሞች ናቸው፤ አንደኛውም፣ የአንጾኪያው ኒቆላዎስ፣ ከአሕዛብ ወደ ይሁዲነት የገባ ሰው ነበር። ከስማቸው እንደምንረዳው፣ ጉባኤው ሥራውን የሰጠው ከተበደለው ወገን ለመጡ፣ የመበለቶቹን ቋንቋና ችግር ለሚያውቁ ሰዎች ነው። ብዙ ወገን ያለው ክፍል የራሱን ሰው ሊያስመርጥ ሲችል ይህን አላደረገም።

የሥራውም ዐይነት ይታሰብ። ማዕድ ማገልገል ነበር። በዚህ ዝቅ ያለ በሚመስል ሥራ ከተሾሙት አንዱ እስጢፋኖስ የመጀመሪያው ሰማዕት ሆነ። ሁለተኛው ፊልጶስ በጋዛ መንገድ የኢትዮጵያውን ጃንደረባ አግኝቶ ወንጌልን ሰበከለት። ይህ ጃንደረባ ራሱ የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም ነበር። የታላቅ መዝገብ ቍልፍ የያዘውን ሰው ያስተማረው የመበለቶችን እንጀራ ያከፋፍል የነበረው ሰው ነው። እንግዲህ ወንጌላችን የማዕድ ኮሚቴን የሚንቅ ሰው ምን ይመልሳል?

6. አራቱ ቍልፎች

በተሐድሶ ዘመን የሆነ አንድ ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል። ማርቲን ሉተር በ1520 ለጀርመን መኳንንት በጻፈው መጽሐፍ፣ የተጠመቁ ክርስቲያኖች ሁሉ በመንፈስ አንድ ማዕረግ እንዳላቸው፣ የሚለያዩትም በተሰጣቸው አገልግሎት ብቻ እንደ ሆነ አስተማረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1523፣ በሳክሶኒ የምትገኘው የላይስኒግ ከተማ ማኅበር የጋራ ሣጥን ሥርዓት አወጣ፤ ሉተርም መቅድም ጻፈለት። ከዚህ ሣጥን ለሰባክያን፣ ለትምህርት ቤት፣ ለድሆች፣ ለወላጅ አልባ ልጆችና ለሽማግሎች መርጃ ይወጣ ነበር።

ሣጥኑን የሚጠብቁ 10 ሰዎች በየዓመቱ እንዲመረጡ ተወሰነ፤ 2 ከመኳንንት፣ 2 ከከተማው ምክር ቤት፣ 3 ከከተማው ነዋሪዎች፣ 3ም ከገበሬዎች። ሣጥኑ አራት ልዩ ልዩ ቍልፎች እንዲኖሩት፣ እያንዳንዱም ወገን አንድ አንድ ቍልፍ እንዲይዝ ታዘዘ። ስለዚህ መኰንኑ ያለ ገበሬው፣ ገበሬውም ያለ መኰንኑ ሣጥኑን ሊከፍት አይችልም። እነዚያ ሰዎች ስለ ፍቅር ብቻ አልሰበኩም፤ ፍቅር እንዳይፈተን ቍልፉን በአራት ከፈሉት። ቍልፉ በአንድ ሰው ወገብ ላይ በማይንጠለጠልበት ስፍራ ወንበሩን ለቍልፉ ሲል የሚመኝ ሰው ያንሳል።

7. ከመንግሥት ጉባኤ የተወሰደ ምሳሌ

የኮሚቴ ወንበር ነገር በመንግሥት ምክር ቤቶችም ዘንድ ትልቅ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ለትምህርታችን የሚረዳን አንድ ታሪክ ከዚያ እናንሣ። በአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ዋናው ሥራ የሚሠራው በኮሚቴዎች ነው። እንደራሴው በየትኛው ኮሚቴ እንደ ገባ ካልታወቀ፣ ለመረጠው ሕዝብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይታወቅም። ከ1911 ጀምሮ እስከ 1974 ድረስ የዴሞክራቲክ ፓርቲ እንደራሴዎችን ለየኮሚቴው የሚመድቡት፣ የግብርና የቀረጥን ጉዳይ በሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥ የነበሩት የፓርቲው አባሎች ነበሩ። በአገልግሎት ዘመን የቀደመ ሰው ይከበር ስለ ነበር አዲስ ገቢ የተሰጠውን ተቀብሎ ዝም እንዲል ይጠበቅ ነበር።

በ1968 ወይዘሮ ሸርሊ ቺዝም ከኒው ዮርክ ከተማ ከብሩክሊን ተመረጡ፤ ወደ ምክር ቤቱም ከገቡት ጥቍር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። ቀድሞ የሕፃናት መምህርትና የሕፃናት ማቈያ ኃላፊ ስለ ነበሩ፣ የትምህርትና የሥራ ጉዳይ በሚታይበት ኮሚቴ ለመግባት ጠየቁ። በ1969 ግን የእርሻ ኮሚቴ ተሰጣቸው፤ በውስጡም የደንና የገጠር መንደሮች ንኡስ ኮሚቴ ደረሳቸው። የመረጣቸው ሕዝብ እርሻ የሌለው የትልቅ ከተማ ሕዝብ ነበር።

ወይዘሮ ቺዝም በጓዳ አላጕረመረሙም። አስቀድመው ወደ አፈ ጉባኤው ወደ ጆን ማኮርማክ ሄደው ነገሩን አስረዱ። አፈ ጉባኤውም እንደ መልካም ወታደር የተሰጣቸውን እንዲቀበሉ መከሯቸው። ከዚያም በፓርቲው አባሎች ስብሰባ ሊናገሩ ተነሡ፤ ነባሮቹ እየቀደሙ ቢነሡባቸውም ወደ መድረኩ ፊት ወርደው ቆሙና ምክንያታቸውን በሁሉ ፊት ተናገሩ። ምደባውም ተለወጠ። የተሰጣቸው ግን የፈለጉት ኮሚቴ አልነበረም፤ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ኮሚቴ ነበር። እርሳቸውም በአውራጃቸው ከዛፍ ይልቅ የቀድሞ ወታደር እንደሚበዛ ተናግረው ተቀበሉት። ወደ ትምህርትና ሥራ ኮሚቴ የገቡት በ1971 ነው።

ይህ ሁሉ የተገኘው በግልጽ ንግግር ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ልንሰውር አይገባንም። በ1971 ፓርቲው በምክር ቤቱ ውስጥ የአባሎቹን መሪ ሲመርጥ፣ ወይዘሮ ቺዝም ለሉዊዚያናው ለሄል ቦግስ ድምፃቸውን ሰጡ፤ የተፈለገውም ወንበር ከዚህ ድጋፍ ጋር ተያይዞ መጣ። በዓለም ጉባኤ ድምፅና ወንበር እንዲህ ይለዋወጣሉ። ክርስቲያን ከዚህ ታሪክ የሚማረውንና የሚተወውን ይለይ። የሚማረው፣ ለሕዝብ ሲሉ መጠየቅን፣ ሥልጣኑ ላላቸው ሰዎች በግልጽ መናገርን፣ ያልተፈለገውንም ቦታ ተቀብሎ መሥራትን ነው። ድምፅን ለወንበር መለወጥ ግን በክርስቶስ ቤት ሊለመድ አይገባም።

ከዚያው አገር ሌላ አጭር ምሳሌ እንጨምር። በ1953 በሴኔት የዴሞክራቶች መሪ የነበሩት ሊንደን ጆንሰን አንድ ልማድ ጀመሩ። ነባር አባል ሁለተኛ ዋና ኮሚቴ ከመጨመሩ በፊት ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ አንድ ዋና ኮሚቴ እንዲሰጠው አደረጉ። በዚህም ምክንያት በዚያው ዓመት የገቡት ማይክ ማንስፊልድ በውጭ ጉዳይ ኮሚቴ፣ ስቱዋርት ሳይሚንግተንም በጦር ጉዳይ ኮሚቴ ወንበር አገኙ። ጆንሰን ይህን ያደረጉት ለፖለቲካ ጥቅም ጭምር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሥርዓቱ ግን በራሱ ፍትሐዊ ነው። በብዙ ማኅበረ ምእመናን አንድ ሰው በሦስት ኮሚቴ ሲደክም፣ ሌላው ችሎታ ያለው ሰው ዐሥር ዓመት ሙሉ ሳይጠራ ይቀመጣል።

8. ለሚመኝና ለሚመርጥ የተሰጠ ምክር

በኮሚቴ ሊያገለግል የሚመኝ ሰው እነዚህን ነገሮች ያስብ።

ሀ) ኮሚቴው የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ ይወቅ። ያለፈውን ዓመት ሪፖርት አንብቦ ምን እንደ ጐደለ መናገር የማይችል ሰው ገና አልተዘጋጀም።

ለ) ሐሳቡን በግልጽ ለሽማግሌዎች ይንገር። ስለ ራሱ በሌላ አፍ አያስነግር፤ ግብዣና ስጦታም አያስቀድም።

ሐ) አሁን በእጁ ባለው ትንሽ ሥራ ይታመን። አግዳሚ ወንበር ለማንሣት ሰዓት የማያከብር ሰው ለሣጥኑ ሰዓት ያከብራል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

መ) ከመመረጡ በፊት አለመመረጥን በጸሎት ይቀበል። ይህን መቀበል ያልቻለ ሰው ወንበሩን ቢያገኝም ወንበሩ ያስጨንቀዋል፤ እንዳይወሰድበት ሲጠብቅ ሥራውን አይሠራምና።

የሚመርጠውም ጉባኤ በበኩሉ ሥራውንና መመዘኛውን ከስም ጥቆማ በፊት ያንብብ። ድምፅ በምስጢር ይሰጥ፤ ሰው ዘመዱንና ባለውለታውን ሳይፈራ ይምረጥ ዘንድ። የአገልግሎቱ ዘመን የተወሰነ ይሁን፤ ሲፈጸምም መዝገቡና ቍልፉ በምስክር ፊት ይረከቡ። ሁለተኛ ኮሚቴ ለአንድ ሰው ከመስጠቱ በፊት ገና ያልተጠሩትን ይመልከት። የሴቶችና የወጣቶች ስም ለማዕድ ዝግጅት ብቻ የሚጠራ ከሆነም፣ የተረሱትን መበለቶች ያስታውስ።

9. ያልተመረጠው ሰው

በይሁዳ ቦታ ሌላ ሐዋርያ ሊተካ በተፈለገ ጊዜ፣ 120 ያህል ሰዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ሁለት ሰዎች ቀረቡ። እነርሱም ኢዮስጦስ የሚባለው በርስያን የተባለው ዮሴፍና ማትያስ ናቸው። ሁለቱም ጌታ ከተጠመቀበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕርገቱ ድረስ አብረው የሄዱ፣ በመመዘኛው እኩል የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ከጸለዩ በኋላ ዕጣ ጣሉ፤ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ።

ስለ ማትያስ ብዙ ተሰብኳል። እኛ ግን በዚህ ጥናት መጨረሻ ስለ ዮሴፍ እናስብ። ያን ቀን ወደ ቤቱ የተመለሰው በምን ልብ ይሆን? ስሙ በሁሉ ፊት ተጠርቶ ነበር፤ በሁሉ ፊትም ሳይመረጥ ቀረ። ዕጣው እንደ ገና ይጣል ብሎ እንደ ተከራከረ፣ ወገኖቹንም ይዞ እንደ ወጣ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ስሙን አይጠራም። የማትያስንም ስም ከዚያ በኋላ አይጠራም። ተመራጩም ያልተመረጠውም በአንድነት ከስማቸው ይልቅ በሚበልጠው ሥራ ውስጥ ተሰወሩ።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ከምርጫ በኋላ የሚመጣው እሑድ ከምርጫው ቀን ይልቅ ሰውን ይገልጠዋል። የተመረጠው ሰው ያን እሑድ በማለዳ መጥቶ ያልተመረጠውን ወንድሙን ይፈልግ፤ ምክሩን ይጠይቀው፤ የሚያውቀውን ከእርሱ ይማር። ያልተመረጠውም በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጥ፤ በሽተኛውም ይጠየቅ፤ ሕፃናቱም ይማሩ። ሥራውን የወደደ ሰው ወንበሩ ሲቀርበት ሥራው አይቀርበትምና፤ በማኅበሩ ውስጥ ጠያቂ ያጣ ሕመምተኛ እስካለ ድረስ ያለ ሥራ የቀረ ምእመን ሊኖር አይችልም።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በማኅበራችን ሁሉ የሚሹት ኮሚቴ የትኛው ነው? የማይሹትስ? ምክንያቱ ሥራው ነው ወይስ ከሥራው ጋር ያለው ክብር?

2. የዘብዴዎስ ልጆች ልመና በምን በምን ከወይዘሮ ቺዝም አቤቱታ ይለያል? በምንስ ይመሳሰላል?

3. አንድ ሰው ለሌላው ድምፅ ሰጥቶ በምላሹ ወንበር ቢያገኝ፣ ወንበሩንም ለሕዝብ ጥቅም ቢያውለው፣ ነገሩ ይቀናልን?

4. የላይስኒግ ማኅበር ቍልፉን በአራት ከፈለ። በእኛ ዘንድ የገንዘቡን ቍልፍ ስንት ሰው ይይዛል? ከየትኛውስ ወገን ነው?

5. ባለፈው ምርጫ ሳይመረጥ የቀረ ወንድም ወይም እኅት በመካከላችን አለ ወይ? ከዚያ ወዲህ ማን ጠየቀው?